ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ድመትሽን አስወጪ እየተባልኩ ነው

እናት ልሆን ነው · መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ 11ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ቡላ የምትባል ድመት አለችን፤ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷን መኪና ገጭቷት ስትሞት፣ ገና ዓይኗ በቅጡ ሳይገለጥ ወተት በጥጥ እየነከርኩ ያሳደግኳት ናት።

ባለፈው እሑድ አማቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ቡላን ጭኔ ላይ ተጠቅልላ ተኝታ ሲያዩ ክው አሉ። የድመት ትንፋሽ ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ ያስወርዳል፣ ልጁ ቢወለድም ፀጉሯ ሳንባው ገብቶ አስም ይሆንበታል ብለው፣ ባለቤቴ ከፋሲካ በፊት ራቅ ያለ ቦታ ወስዶ እንዲጥላት አዘዙት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእኔም ለልጁም ሰግተው ነው። ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ስጠይቅ ደግሞ ወረፋው ረጅም ነበርና አዋላጅ ነርሷ «ድመት ካለ አርቁ» ብላ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ቡላ የምትጸዳዳው ጓሮ ነው። ሰላጣና ጎመን የተከልኩበት መደብ ላይ አፈሩን ጭራ ትቀብራለች። መደቡን የምኮተኩተው እኔ ነኝ። የሚያውቅ ካለ እውነቱን ይንገረኝ። ልጄን የምትጎዳ ከሆነ አልቅሼም ቢሆን ለሌላ ሰው እሰጣታለሁ። በወሬ ብቻ ግን ሜዳ ላይ ልጥላት አልችልም።

አያት ከደሴ · መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 3፡15

ልጄ፣ ማርያም በሽልም ታውጣሽ። እኔ ሰባት ወልጄ አሳድጌያለሁ። ስለ ትንፋሹ ሲወራ ሰምቻለሁ እንጂ ያየሁት ነገር ስለሌለ አልመሰክርም። ያየሁትን ልንገርሽ። የሁለተኛ ልጄ አራስ ሳለሁ አጥብቼ አስተኛሁትና ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ድመቲቱ ደረቱ ላይ ወጥታ ተኝታለች፤ ጭራዋ አፍንጫውን ይነካል። ሙቀቱና የቅቤው ሽታ ስቧት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አራስ ቤት ድመት አላስገባም። አማትሽን አትቀየሚያቸው።

የሦስት ልጆች እናት · መጋቢት 3፣ ከምሽቱ 4፡02

እኔ ጥያለሁ። የዛሬ 12 ዓመት የመጀመሪያዋን ሳረግዝ ሁሉም ሰው ስለጮኸብኝ፣ ድመታችንን በጆንያ ከትተን ከከተማ ውጪ ጣልናት። በአምስተኛው ሌሊት በራችን ላይ ስትጮኽ ሰማሁ። ድምፅዋን አልስተውም። ባለቤቴ «ተይ» አለኝ፤ አልከፈትኩም። ሲነጋ አልነበረችም፤ ዳግመኛም አላየኋት። እስከ ዛሬ ሌሊት የድመት ድምፅ ስሰማ እነቃለሁ።

ከዚያ ጓዳችንን አይጥ ወረሰው። መርዝ ገዝተን በየጥጉ አስቀመጥን። ልጄ መዳህ በጀመረች ሰሞን ከአልጋ ሥር መርዙን በእጇ ይዛ አገኘኋት። አልዋጠችውም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ድመቷ ከምታመጣው ይልቅ እኛ እሷን ለመተካት ያመጣነው መርዝ ልጄን ሊገድላት ነበር። ሁለቱ ታናናሾቿ ከድመት ጋር ነው ያደጉት።

የላቦራቶሪ ሰው · መጋቢት 4፣ ከጠዋቱ 1፡30

እህቴ፣ በሕክምና ላቦራቶሪ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሠራሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

ነርሷ የሰጋችው ቶክሶፕላዝሞሲስ ለሚባለው በሽታ ነው፤ ሕዝቡ «ቶክሶ» ይለዋል። መንስኤው በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ የድመት ድርሻ የተገለጠው ግን ከ60 ዓመት ግድም በኋላ ነው። በትንፋሽ አይተላለፍም። ፀጉሯን በመዳበስ የመተላለፍ ዕድሉም እጅግ አነስተኛ ነው። ድመት ተውሳኩ የሚይዛት አይጥ፣ ወፍ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ነው። መጀመሪያ ስትያዝ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ለሚሆን ጊዜ የተውሳኩን እንቁላል መሰል ዘር ከዓይነ ምድሯ ጋር ታስወጣለች፤ ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ታቆማለች። የወጣውም ትኩሱን ሰው አይዝም፤ ለመብሰል ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈልጋል። ስድስት ዓመት ሙሉ አይጥ ስታድን የኖረች ድመት ያንን ጊዜ በግልገልነቷ አልፋው ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ሰው ከየት ይይዘዋል? ከጥሬ ወይም በቅጡ ካልበሰለ ሥጋ፣ በደንብ ካልታጠበ አትክልት፣ ከተበከለ ውኃና ከአፈር። በስድስት የአውሮፓ ከተሞች በነፍሰ ጡሮች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ እንደየከተማው ከ30 እስከ 63 በመቶ የሚሆነው በሽታ በቅጡ ካልበሰለ ሥጋ፣ ከ6 እስከ 17 በመቶው ደግሞ ከአፈር ንክኪ እንደመጣ ገምቷል። ከድመት ጋር መኖር ግን ምክንያት ሆኖ አልተገኘም።

አሁን የእኛን ገበታ አስቢው። ቁርጥ፣ ጎረድ ጎረድ፣ ክትፎ በጥሬው ወይም ለብለብ። ዱለቱም በበግ ጨጓራና ጉበት ተሠርቶ ገና ደም እያለው ይወጣል፤ በግና ፍየል ደግሞ ከከብት ይበልጥ ይህን ተውሳክ በሥጋቸው ይይዛሉ። ፋሲካ ደርሷል። ድመቷን ጥለን ለነፍሰ ጡሯ ለብለብ ካቀረብንላት ፅንሱን ከምን አዳንነው? ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ደማቸውን የመረመርኩላቸው እናቶች ስለ ድመት ያልሰሙ አልነበሩም፤ ስለ ሥጋ የነገራቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሚጥሚጣውና አረቄው ይገድለዋል የሚባለው ትክክል አይደለም። የሚገድለው እሳት ነው።

አንቺ የደም ምርመራ አድርጊ፤ የሚፈለጉት ሰውነት ተውሳኩን ለመዋጋት የሚሠራቸው ሁለት መከላከያዎች ናቸው፤ አይ ጂ ጂ እና አይ ጂ ኤም ይባላሉ። አይ ጂ ጂ ብቻ ከተገኘ ከዚህ በፊት ተይዘሽ አልፎልሻል ማለት ነው፤ ጤናማ ሴት ከሆንሽ ያ ለፅንሱ መከላከያ ይሆናል። በአገራችን ብዙ ጎልማሶች እንዲህ ናቸው። ሁለቱም ካልተገኙ ተይዘሽ አታውቂም፤ የምትጠነቀቂውም ያኔ ነው። አይ ጂ ኤም ከተገኘ አትደንግጪ፤ ከበሽታው በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በደም ውስጥ ይቆያል። ኢንፌክሽኑ አዲስ ይሁን አሮጌ የሚለይ ሌላ ምርመራ አለ፤ ሐኪምሽ ያዝልሻል።

ሰሚ ያጣሁ · መጋቢት 4፣ ከቀኑ 7፡48

ሁላችሁም ቀላል አድርጋችሁ ታወራላችሁ። እኔ በአምስተኛ ወሬ ልጄን አጥቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስመረመር «ቶክሶ አለብሽ» ተባልኩ። ቤታችን ድመት ነበረች። እኔ ነኝ ያቀፍኳት፣ እኔ ነኝ አልጋዬ ላይ ያስተኛኋት። ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም። እህቴ፣ ድመቷን ስጪ። ጸጸቱን አትችይውም።

የላቦራቶሪ ሰው · መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 1፡05

እህቴ ሰሚ ያጣሁ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ቀላል አድርጌ ከሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። በሽታው ቀላል አይደለም። በእርግዝና ወቅት አዲስ የተያዘች እናት ልታስተላልፈው ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወደ ፅንሱ የማለፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ካለፈ ግን ጉዳቱ የከፋ ነው፤ አንጎልንና ዓይንን ይጎዳል። ወደ መውለጃው ሲቃረብ ነገሩ ይገለበጣል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ውጤትሽ ምን ነበር የሚለው? አይ ጂ ጂ ብቻ ከሆነ፣ በሕይወትሽ አንድ ጊዜ ተይዘሻል ከማለት ያለፈ አይናገርም፤ ልጅሽን ምን እንደወሰደው አይመሰክርም። ወረቀቱ ካለሽ ለማኅፀን ሐኪም አሳዪው። ያላጠፋሽውን ጥፋት ሦስት ዓመት ተሸክመሽ ሊሆን ይችላል።

ሰሚ ያጣሁ · መጋቢት 4፣ ከምሽቱ 1፡40

ወረቀቱ አለኝ። አይ ጂ ጂ የሚለው ላይ ነው ምልክቱ ያለው። ሌላው ላይ «የለም» ይላል። ይህን እስከ ዛሬ ማንም አላስረዳኝም።

ከሊዮን · መጋቢት 5፣ ከጠዋቱ 3፡10

እኔ የምኖረው ፈረንሳይ ነው። እዚህ ሥጋን ደም እያለው መብላት ልማድ ስለሆነ ነፍሰ ጡሮችን መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሳረግዝ የመጀመሪያው ምርመራ ተይዤ እንደማላውቅ አሳየ። ከዚያ እስክወልድ ድረስ በየወሩ ደም ሰጠሁ። ሐኪሟ ድመት እንዳለኝ ስነግራት «ማን ያጸዳላታል?» ብላ ጠየቀች። እኔ ነኝ ስላት፣ እስክትወልጂ ባለቤትሽ ያጽዳ፣ በየቀኑም ይሁን አለችኝ። ስለ ድመቷ ይህን ብቻ ነው ያለችው። ስለ ሥጋና ስለ ሰላጣ ግን ግማሽ ሰዓት ወሰደችብኝ።

የከበደኝ የእኛው ሰው ድግስ ነበር። ክርስትናና ሠርግ ስንጠራ ክትፎ ይቀርባል፤ አልበላም ስል አስተናጋጆቹ ይቀየማሉ፤ «ትንሽ ቅመሺ፣ ያምርሽና ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» ይላሉ። አምሮት እንዴት እንደሚያሰቃይ የወለደች ታውቃለች። በመጨረሻ ከቤቴ መጥበሻ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። የድርሻዬን ወስጄ እስኪጠቁር አበስለው ነበር።

ሥጋ ቤት ያለኝ · መጋቢት 5፣ ከቀኑ 6፡20

የላቦራቶሪው ወንድሜ ሰውን አታስፈራራ። እኔ የምሸጠው ከቄራ የወጣ፣ ሐኪም አይቶ ማኅተም የመታበት ሥጋ ነው። በሽታ ያለበት ሥጋ እዚያው ይቃጠላል። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ እየበሉ ነው ዘጠና ዓመት የኖሩት።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ · መጋቢት 5፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድሜ፣ ማኅተሙን የምንመታው እኛ ነን፤ ስለዚህ ልመልስልህ። በቄራ ምርመራ የኮሶ ትል ፍሬ በሥጋ ውስጥ ይታያል፤ በቢላዋ ሰንጥቀን እንፈልገዋለን፤ እሱም ቢሆን አንዳንዴ ያመልጠናል። የቶክሶ ተውሳክ በሥጋ ውስጥ የሚቀመጥበት ከረጢት ግን ያለ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ጥሩ ዓይን ያለው ሐኪም ቢያየው፣ ሥጋው ቀይና ያማረ ቢሆን፣ በሬው ጤነኛ ቢሆን ልዩነት የለውም። አንተ አላጠፋህም፤ እኛም አላጠፋንም፤ ማኅተሙ ግን ስለዚህ ተውሳክ ምንም አይናገርም። አባቶቻችን ያልከውም እውነት ነው፤ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ጉንፋን መስሎ ያልፋል። የምንነጋገረው ስለ ነፍሰ ጡር ነው። ለነፍሰ ጡር ደንበኛህ «ዛሬ ጥብስ ይሁንልሽ» ብትላት ትልቅ ሥራ ትሠራለህ።

አሁን ወደ ቡላ ልምጣ። ለባለቤቷ የምመክረው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ምግቧ። አብዛኞቻችን ድመት የምንመግበው ከሥጋ ቤት የገዛነውን ሳንባ በጥሬው ነው። ቀቅይላት። እሷን ከአዲስ ኢንፌክሽን የሚጠብቃት ይህ ነው። አይጥ እንዳትይዝ ማድረግ ከባድ ነው፤ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ብታድር ግን አደኗ ይቀንሳል።

ቤት ካደረች መጸዳጃ ያስፈልጋታል። ሳፋ ላይ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ አድርጉላት፤ የጓሮውን አፈር ትንሽ ጨምሩበት፤ ሽታውን ስታውቀው ትለምደዋለች። ባለቤትሽ በጓንት በየቀኑ ያውጣው። ተውሳኩ ለመብሰል ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል ስለተባለ፣ በየቀኑ የሚጸዳ ሳፋ አደጋው በጣም ይቀንሳል። ሳፋውን በፈላ ውኃ ይለቅልቀው። ብዙ ሰው በረኪና ይደፋና ተገላገልኩ ይላል፤ በረኪና ይህን አይገድልም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ መደቡ ነው። ተውሳኩ እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ የሚያመጣውም የአንቺ ድመት ብቻ አይደለችም፤ የሰፈሩ ድመት ሁሉ በአጥር ይዘላል። ቡላን ብትጥያትም መደቡ እንደዚያው ነው። እስክትወልጂ ኩትኳቶውን ተዪው፤ ግድ ከሆነ በጓንት ይሁን። ጎመኑን አብስለሽ ብዪ። ሰላጣውን በዚህ ወቅት ብትተዪው ይሻላል፤ ኮምጣጤ ውስጥ መዘፍዘፉ አይበቃም። ከገበያ የምትገዢውም ያው ነው፤ በየወንዙ ዳር በምን ውኃ እንደሚለማ ታውቂያለሽ።

ስለ አስም የሚሉት ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ግን የተዛባ ነው። ፀጉር ሳንባ ገብቶ አይደለም። በምራቋና በቆዳዋ ያለ ነገር አለርጂ ያለበትን ሰው ያስነጥሳል፤ አስም ያለበትንም ያብስበታል። ከመካከላችሁ አስም ያለበት አለ? ከሌለ በዚህ ምክንያት አትጣሏት።

የድሬ ልጅ · መጋቢት 6፣ ከቀኑ 5፡30

ስለ ቶክሶ ይህን ያህል ተጽፎ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። እሱም በእኛ አገር ሕፃን ይገድላል። በአብዛኛው ከውሻ ቢመጣም ያበደ ውሻ የነከሳት ድመትም ልታስተላልፈው ትችላለች። የእኅቴን ልጅ የማናውቃት ድመት እጁን ነክሳው፣ አክስታችን ቡና ደቁሳ ልታስርበት ነበር። እኅቴ ግን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጠበችውና በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይዛው ሮጠች። ክትባቱን በሙሉ ወሰደ፤ ደህና ነው። ክትባቱ ለነፍሰ ጡርም ለምታጠባ እናትም ይሰጣል፤ አርግዣለሁ ብላችሁ እንዳትቀሩ። ቡላን ደግሞ በየዓመቱ አስከትቢያት።

እኛ ቤት ድመት ከትንሽነታችን ጀምሮ ነበረች። ድመት የጠጣችበት ውኃ አይረክስም ብለው ያስተማሩን አያቴ ናቸው፤ አራስ ክፍል ግን እሳቸውም አያስገቧትም ነበር።

እናት ልሆን ነው · መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 3፡00

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ተመርምሬ ሁለቱም የለም ተባልኩ፤ ተይዤ አላውቅም ማለት ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ የላቦራቶሪው ወንድሜ የጻፈውን እንደገና ሳነብ ግን መጠንቀቅ ያለብኝ እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ስድስት ዓመት ከቡላ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ አልያዘኝም። ክትፎ ደግሞ ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ ባለቤቴ ነው የሚወደው፤ እኔ ለብለቡንም ብዙ አልደፍርም ነበር።

አማቴ ዘንድ ባለቤቴ ብቻውን ሄዶ አስረዳቸው። ሥጋው ነው ሲላቸው ተቆጡ፤ «እኔ ለአንተ አርግዤ ስንት ቁርጥ በልቻለሁ» አሉት። አልተስማሙም። ድመቷን መጣሉ ግን ለጊዜው ቀርቷል። ሳፋውን ባለቤቴ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ያጸዳል። ቡላ ሁለት ቀን ሳፋውን ትታ ምንጣፍ ላይ ተጸዳዳች፤ በሦስተኛው ቀን ለመደችው።

የሦስት ልጆች እናት · መጋቢት 21፣ ከምሽቱ 3፡25

አንድ ነገር ከአሁኑ ጀምሪ፤ ልጁ ከመጣ በኋላ አይሆንም። የመኝታ ክፍሉን በር ዛሬውኑ ዝጊባት። ልጅ በመጣ ማግስት ከተዘጋባት ከልጁ ጋር ታያይዘዋለች፤ ሌሊቱን ሙሉ በር ትቧጭራለች። አሁን ብትጮኽ የምትነቂው አንቺ ብቻ ነሽ። የሕፃን ልቅሶ በስልክሽ ቀድተሽ ዝቅ አድርገሽ አሰሚያት። አጎበር ይከላከልልኛል ብለሽ አትተማመኚ፤ ድመት አጎበር ላይ ትተኛለች፤ ከክብደቷ የተነሣ ልጁ ላይ ይወርዳል።

እናት ልሆን ነው · ኅዳር 22፣ ከቀኑ 8፡15

ስሜን መቀየር አለብኝ፤ እናት ሆኛለሁ። መስከረም 19 ሴት ልጅ ወለድኩ። ዓይኗም ጆሮዋም ደህና ነው። ሐኪሜ በየሁለት ወሩ አስመርምሮኝ እስከ መጨረሻው አልያዘኝም። በፋሲካ አማቴ ዱለት ሠርተው ሲያመጡ ባለቤቴ ተነሥቶ ወደ ምድጃው መልሶ እስኪደርቅ አበሰለው፤ አማቴ ፊታቸውን አዙረው ቆዩ እንጂ አልከለከሉትም።

ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ባለቤቴ ልጅቷ የተጠቀለለችበትን ጨርቅ ወስዶ ለቡላ አስሸተታት። ስንገባ መጥታ የአቀፍኳትን አሽትታ ሄደች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። አራስ ቤት አትገባም። ያረሱኝ አማቴ ናቸው፤ በሩን የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ፤ ገንፎ በተሠራ ቁጥር ቡላ ቅቤውን ሸትቷት ስትመጣ «ሂጂ» ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ዛሬም አይወዷትም። ባለፈው ሳምንት ግን ሳንባው ሲቀቀል እሳቱን ሲያጠፉ ደረስኩና፣ «በደንብ በስሏል፣ አይቼዋለሁ» አሉኝ።

ሰሚ ያጣሁ የምትባለውን እህቴን ሁልጊዜ አስባታለሁ። ካለሽ ድምፅሽን አሰሚን።

አሁን ጥያቄዬ ስለሚመጣው ነው። ልጄ ስትድህ ከቡላ ሳፋና ምግብ እንዴት ላርቃት?

ሰሚ ያጣሁ · ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 1፡10

እንኳን ማርያም ማረችሽ። አለሁ። ወረቀቱን ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። የቆየ ነው፣ ልጅሽን የወሰደው እሱ ነው ማለት አይቻልም አለኝ። ምክንያቱን አሁንም አላወቅሁትም። አልጋዬ ላይ የነበረችው ድመት ግን አለመሆኗን ለባለቤቴ ስነግረው ሁለታችንም አለቀስን። ልጅሽን ያሳድግልሽ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ቢሾፍቱ · ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 2፡30

እንኳን ደስ አላችሁ። ሳፋውን ልጅቷ ከማትደርስበት በር ኋላ አድርጉት፤ በሩ ከታች ቡላን ብቻ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑረው። ምግቧን ከፍ ያለ መስኮት ላይ አድርጊላት፤ ድመት ይወጣል፣ ሕፃን አይደርስም። ልጅቷ ጭራዋን መጎተት ከመጀመሯ በፊት ጥፍሯን ጫፉን ብቻ ቁረጪላት። የትል መድኃኒት በየሦስት ወሩ ስጫት። ጓሮ አሸዋ ወይም ለግንባታ የተደፋ አፈር ካለ ማታ ማታ በሸራ ይሸፈን፤ የሰፈር ድመት ይጸዳዳበታል፤ ሕፃን ደግሞ ከዚያ ነው ወደ አፉ የሚወስደው። ሁለቱን ብቻቸውን አንድ ክፍል ውስጥ አትተዪያቸው፤ ቡላ ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ልጅቷ ገና ቀስ ማለትን አታውቅም።